ከአደን ጉዞ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከትልልቅ የዱር እንስሳት አደን ተመልሶ የሚያማርር ሰው ሲያወራ ልብ ብላችሁ ስሙት። ጎሹ ስላመለጠው ወይም አንበሳው ስላልታየው የሚበሳጭ እምብዛም ነው፤ ዱር ዱር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚያንገበግበው በመጨረሻው ምሽት የቀረበለት ሂሳብ፣ «ይህ በዋጋው ውስጥ የለም» የሚለው መልስ፣ ከዓመት በኋላ ጠጉሩ ረግፎ የደረሰው ቆዳ ነው። ጠቡ የሚፈነዳው ጫካ ውስጥ ይሁን እንጂ የተጸነሰው ከብዙ ወራት በፊት፣ ቀብዱ በተከፈለበት ቀን ነው። አጭበርባሪ የአደን አስጎብኚ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ግን እሱም ቢሆን የሚኖረው ደንበኛው ሳይጠይቅ ባለፈው ጥያቄ ነው።

የቀኑን ዋጋ የጉዞው ዋጋ አድርጎ መቁጠር

በአብዛኛው የአፍሪካ አደን ሂሳቡ ሁለት እግር አለው። አንደኛው የቀን ክፍያ ነው፤ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ መሪ አዳኙን፣ ዱካ ተከታዮቹንና መኪናውን ይሸፍናል፤ እንስሳ ተገኘም አልተገኘም ይከፈላል። ሁለተኛው የግዳይ ክፍያ ነው፤ በእያንዳንዱ በተመታ እንስሳ ይታሰባል። በሰሜን አሜሪካ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጥቅል ዋጋ ይጠየቅና የመንግሥት ፈቃዱ ለብቻው ይገዛል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ አዳኝ የለመደውን አሠራር በልቡ ይዞ ስለሚሄድ ይሳሳታል።

ማስታወቂያው ላይ የቀን ክፍያው በጣም ዝቅ ብሎ ካያችሁት ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት የግዳይ ክፍያውን ዝርዝር አገላብጡ፤ የጎደለው እዚያ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ከዚያም በዝምታ የሚታለፉትን ጠይቁ፦ ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አደኑ ሰፈር የሚወስደው ትንሽ አውሮፕላን በማን ነው? ቆዳና ቀንድ ማዘጋጃውስ? ለነብር ማጥመጃ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ኢምፓላ (ሚዳቋ መሰል እንስሳ) በማን ሂሳብ ይታደናል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎችን ያስቃል፤ ሦስትና አራት ማጥመጃ የግዳይ ክፍያ ተጨምሮበት ሲመጣ ግን የሚስቅ የለም።

አንድ መሪ አዳኝ ለሁለት ደንበኛ የሚለው አማራጭም ይርከሳል፤ የሚርከሰው ግን በምክንያት ነው። ሁለታችሁ ተራ በተራ ነው የምታድኑት። አሥር ቀን ከፍላችሁ ጠመንጃ የምትይዙት አምስቱን ነው ማለት ነው።

የደም ጠብታን ትርጉም አስቀድሞ አለመስማማት

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ጠብ እዚህ ላይ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች በስፋት የሚሠራበት ደንብ አጭር ነው፤ የቆሰለ እንደተገደለ ይቆጠራል፣ ሙሉ ዋጋው ይከፈላል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጥይቱ ይተኮሳል፣ መንጋው አቧራ አስነስቶ ይፈረጥጣል። አዳኙ ቀና ብሎ «ሳትኩት» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው። ዱካ ተከታዩ ምንም አይመልስም። እንስሳው ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ይሄዳል፣ ጎንበስ ብሎ አንድ የሣር ቅጠል በሁለት ጣቱ ያሻሻል፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ያሳያል። ቀይ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሂሳቡ ተጽፏል፤ የቀረው እንስሳው ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለው ብቻ ነው።

ደንበኛው ይህን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ያን ጊዜ ከሆነ ማጭበርበር ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ደንቡ ግን ምክንያት አለው፤ ድርጅቱ የሚያሳድነው በተቆጠረ ኮታ ነው፤ ቆስሎ የሄደውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ሞቶ የጅብ ራት ይሆናል፣ ከኮታው ግን ይቀነሳል። ስለዚህ መከራከር ያለባችሁ በደንቡ ላይ ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ ነው። ደም መኖሩን የሚወስነው ማን ነው? ፍለጋው ስንት ቀን ይቀጥላል? ቁስለኛው ሳይገኝ ቢቀር በዚያው ዝርያ ሌላ መተኮስ እችላለሁ? በማግስቱ ጅብ በልቶት ቢገኝ ቀንዱ የማን ነው? እነዚህ አራት መልሶች በውሉ ላይ ከተጻፉ ያ የደም ጠብታ ያሳዝናል እንጂ አያጣላም።

ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተለማምዶ መሄድ

ወደ ሰፈር በገባችሁበት ከሰዓት በኋላ መሪ አዳኙ «ጠመንጃው በጉዞ ተንገላቶ እንደሆነ እንየው» ይላችኋል። በትህትና የተሸፈነ ፈተና ነው። ካርቶን ላይ ክብ ተሥሎ የምስጥ ኩይሳ ላይ ይለጠፋል። ሰውዬው የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ ይተኩሳል፤ ሦስቱም ጥይት ጎን ለጎን ይገባል። ደስ ይለዋል። ከዚያ ባላው ይመጣል፤ ሦስት እንጨት ከላይ የታሰረ፣ ቆመው የሚተኩሱበት። የጠመንጃው አፍ በትንፋሹ ልክ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ከኋላ የቆሙት ዱካ ተከታዮች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ጥይት ካርቶኑን ሳይነካ ያልፋል። ማንም ምንም አይናገርም፤ ያን ምሽት ግን መሪ አዳኙ በልቡ ርቀቱን ከ150 ሜትር ወደ 70 አውርዶታል። ደንበኛው ከአምስት ቀን በኋላ «ጥሩ ጥሩውን ሁሉ አትተኩስ እያለ አሳለፈብኝ» ብሎ ሲያማርር ምክንያቱ የት እንደሆነ አያውቅም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ባላ ሠርታችሁ ወይም ገዝታችሁ ለሁለት ወር ቆማችሁ ተለማመዱ፤ የአሸዋ ከረጢቱን ዓላሚውን ለማስተካከል ብቻ ተጠቀሙበት። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለመሰል አደገኛ እንስሳት ዝቅተኛው የተፈቀደ የጥይት ውፍረት .375 ኢንች ነው። በ1912 ለገበያ የቀረበው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው ጥይት እስከ ዛሬ ያልተሻረውም ሰው ሳይፈራው ሊተኩሰው የሚችል በመሆኑ ነው። ከዚያ የሚበልጥ መድፍ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ የሚስብ ሰው ለራሱም ለመሪውም ሸክም ነው። (በነገራችን ላይ፣ እዚህም ከዚህ በታችም የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሌላም ነገር አለ፤ በሰሜን አሜሪካ አጋዘን የለመደ ሰው ከትከሻው ኋላ ይመታል። የአፍሪካ እንስሳት ልብና ሳንባ ወደ ፊትና ወደ ታች ያዘነበለ ነው። እንስሳው በጎኑ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ይዞ ከአካሉ ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ ማነጣጠር ይገባል።

ድርጅቱ የሰጣችሁን የምስክር ዝርዝር ብቻ መደወል

ማንም ነጋዴ የሚወቅሰውን ደንበኛ ስልክ አይሰጥም። ስለዚህ ሲጠይቁ ለየት አድርጎ መጠየቅ ነው፦ ባለፈው ወቅት ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሁለት ሰዎች አገናኙኝ። ጥሩ ድርጅት ይህን አይፈራም። ባዶ እጁን ተመልሶ እንደገና የሄደ ሰው ካገኛችሁ ከአሥር ፎቶግራፍ ይበልጣል። የተሳካለት ሰው ምን ጊዜም ደስተኛ ነውና ምስክርነቱ ብዙ አይረባም።

ስትደውሉም «ጥሩ ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። መሪ አዳኛችሁ ማን ነበር? መኪናው ስንት ጊዜ ተበላሸ? ተጨማሪ ያልጠበቃችሁት ክፍያ ምን ነበር? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ብዙ ድርጅቶች መሪዎችን በወቅት ይቀጥራሉና በወዳጃችሁ የተመሰገነው ሰው ዘንድሮ ሌላ ቤት ሊሠራ ይችላል። የምትፈልጉት ሰው ካለ ስሙ በውሉ ላይ ይግባ፤ እሱ ባይመጣስ የሚለውም ይጻፍ።

በደላላ መሄድ ነውር የለውም፤ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከድርጅቱ ነው የሚወጣው። ማወቅ ያለባችሁ ቀብዱ በማን እጅ እንደሚቀመጥና ጉዞው ቢሰረዝ ማን እንደሚመልሰው ነው።

ፈቃዱ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ማለት

የአደን ሕግ በየአገሩ ይለያያል፣ በአንድ አገር ውስጥም ይገለባበጣል። ኬንያ በ1977 አደንን ጨርሳ ከለከለች። ቦትስዋና በ2014 ዘግታ በ2019 ከፈተች። በአላስካ ነዋሪ ያልሆነ አሜሪካዊ ቡናማ ድብ፣ ዳል የተባለውን የተራራ በግ ወይም የተራራ ፍየል ለማደን ፈቃድ ያለው መሪ ወይም የአላስካ ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመድ አብሮት መሆን አለበት። ስለዚህ ከድርጅቱ ሁለት ወረቀት ለማየት ጠይቁ፤ በዚያ መሬት ላይ የማሳደን መብቱን፣ እና የዘንድሮውን ኮታ። «አታስቡ፣ እኛ እናውቃለን» የሚል መልስ ከመጣ ያን ጊዜ ማሰብ ጀምሩ።

በ2015 በዚምባብዌ ከሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ውጭ ሴሲል የተባለው አንበሳ ሲገደል ደንበኛው «በመሪዎቼ ተማምኜ ነው» ነበር ያለው። ስሙ በዓለም ሁሉ ከመነሳት ግን አላዳነውም። የአሜሪካ የሌሲ ሕግ ደግሞ ከ1900 ጀምሮ አለ፤ በሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የተገኘ የዱር እንስሳ ወደ አሜሪካ ካስገቡ ጥፋቱ እዚያም ይከተላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለ፤ አጥር። በደቡብ አፍሪካ ብዙው አደን በታጠሩ የግል መሬቶች ላይ ነው፤ የመሬቱ ስፋት ግን ከሰማይ እስከ ምድር ይለያያል። አጥር ውስጥ ማደን ለአንዱ ችግር የለውም፣ ለሌላው አደን አይደለም፤ ይህን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ። እንስሳው እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው ወይስ ባለፈው ሳምንት በመኪና የመጣ? ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በግቢ ተረብቶ ያደገ አንበሳ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ አሜሪካ በ2016 ከደቡብ አፍሪካ የእንዲህ ያለ አንበሳ ግዳይ እንዳይገባ ከለከለች።

ለነብር ሰባት ቀን መያዝ

አይበቃም። ማጥመጃ ተሰቅሎ፣ ነብሩ መጥቶ በልቶ፣ ወንድ መሆኑ ተረጋግጦ፣ መደበቂያ ተሠርቶ ገና መጠበቅ ይጀመራል። ሁለት ሳምንት የተለመደው ነው። «በሰባት ቀን እናገኛለን» የሚል ሰው ወይ ዕድለኛ ነው ወይ ቀን እየሸጠ ነው።

ስለ ጉልበት መዋሸት

መሪው ዕቅዱን የሚያወጣው በነገራችሁት ላይ ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው በቅጹ ላይ «ጤናማ» ብሎ ጽፎ ተራራ ላይ ሲቀመጥ የባከነው ቀን የራሱ ነው። እውነቱን ከተናገረ በመኪና የሚደረስበት ሸለቆ አይታጣም። ከሩቅ ስፍራ በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መድንም ይግዛ፤ የጉዞ መድን ሁሉ አደንን አይሸፍንም።

የጠመንጃውን ወረቀት በመጨረሻው ሳምንት ማሰብ

አየር መንገዶች በመደበኛው የሚቀበሉት ጥይት ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ኪሎ ግራም ነው፤ ከጠመንጃው ተለይቶ ይታሸጋል። ደቡብ አፍሪካ ጠመንጃ ለጊዜው ለማስገባት የፖሊስ ቅጽ 520 ትጠይቃለች። በቅጹ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር በአንዲት አሃዝ ከብረቱ ላይ ካለው ከተለየ መሣሪያው እዚያው ሊቀር ይችላል። ይህ ሁሉ የሚያታክታችሁ ከሆነ የሰፈሩን ጠመንጃ ተከራዩ፤ አያሳፍርም።

ቅሬታን እስከ መጨረሻው ቀን አፍኖ መያዝ

በሦስተኛው ቀን የተነገረ ቅሬታ ይስተካከላል፤ መሪ ይቀየራል፣ ቦታ ይቀየራል። በመሰናበቻው ምሽት የተነገረ ግን ሰውን ከማስቀየም በቀር ለማንም አይጠቅም። ብዙ ደንበኛ ጨዋነት መስሎት ዝም ይልና አገሩ ሲገባ ገጽ ሙሉ ስድብ ይጽፋል። ይህን ጨዋነት አልለውም።

ከተኩሱ በኋላ ቆዳውን መርሳት

እንስሳው ሲወድቅ ፎቶ ይነሳል፣ እጅ ይጨበጣል፣ ሁሉም ወደ እሳቱ ይሄዳል። ለቆዳው ግን ወሳኙ ጊዜ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በሙቀት ውስጥ ጥቂት ሰዓት የዘገየ ቆዳ ጠጉሩን መልቀቅ ይጀምራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ቆዳውን በእንስሳው ቁመና ልክ የሚሠራው ባለሙያ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ነው። ያኔ ገፋፊው ባለሙያውን፣ ባለሙያው ገፋፊውን ይወቅሳል፤ የሚከፍለው ደንበኛው ነው።

ስለዚህ ቢራውን ለሩብ ሰዓት አቆዩና ወደ ገፈፋው ዳስ ሂዱ። ሥጋና ስብ ከቆዳው ላይ በደንብ ተፍቋል? ጆሮው እስከ ጫፉ ተገልብጧል? ከንፈሩና አፍንጫው አካባቢ ተሰንጥቆ ጨው ገብቶበታል? ጥሩ ገፋፊ ጨዉን በእፍኝ እየዘገነ ጠርዝ ጠርዙን በመዳፉ እያሸ ሲያስገባ ታዩታላችሁ፤ ከላይ በትኖ የሚሄድ ካያችሁ መሪውን ጥሩ። በቆዳውና በራስ ቅሉ ላይ ስማችሁና ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ለየብቻ መታሰር አለበት። ነብርና ዝሆን ደግሞ በ1975 ሥራ ላይ በዋለው ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሚጠበቁ ከሚወጡበት አገር የመላኪያ ፈቃድ፣ እንደየአገራችሁ ሕግም የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቅላቸዋል። ማስገቢያውን የምታወጡት እናንተ ናችሁ እንጂ ድርጅቱ አይደለም። ምልክቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከፈቃዱ ጋር አስተያዩትና ፎቶ አንሱት፤ ዕቃው ከመነሻው አገር እስኪወጣ ብዙ ወራት ስለሚፈጅ ያን ጊዜ ያላችሁ ማስረጃ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።