ትንሽ ቲያትር ቤት የምታመሹበትን ቀን እንዴት ታቅዳላችሁ?

ትልቅ አዳራሽ አርፍዳችሁ ብትገቡ የሚቆጣችሁ አጠገባችሁ ያለው ሰው ነው። ትንሽ ቲያትር ቤት ግን ተዋናዩ ራሱ ያያችኋል። ዝግጅቱም የሚለየው በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ተውኔቱን ምረጡ። እንዲህ ያሉ ቤቶች አዲስ ነገር መሞከርና ሌላው የሚሸሸውን ጉዳይ ማንሳት ይወዳሉ። ስለዚህ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የተኩስ ድምፅ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። ርዝመቱንም እዩ፤ ከ70 እስከ 90 ደቂቃ ያለ እረፍት የሚታዩ ብዙ ናቸው። ለመጀመሪያ ቀጠሮ ከባድ ተውኔት አልመክርም። ሞክሬው አይቻለሁ።

ትኬት ቀድማችሁ ቁረጡ። በ1907 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ የተከፈተው ኢንቲማ ቲያትር 161 ወንበር ብቻ ነበረው። ኒውዮርክ ውስጥም ከ100 ወንበር በታች የሆኑት «ኦፍ ኦፍ ብሮድዌይ» ይባላሉ። እንዲህ ያለ ቤት በሁለት የጓደኛ ቡድን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ገንዘብ ካጠራችሁ ከምረቃው በፊት ያሉትን የሙከራ ምሽቶች ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ረከስ ይላሉ።

አሁን ወደ ወንበሩ። ብዙዎቹ ግድግዳቸው ጥቁር የተቀባ ባዶ ክፍል ናቸው፤ ወንበሩ ለየተውኔቱ እንደ አዲስ ይደረደራል። ትኬት ስትቆርጡ አቀማመጡን ጠይቁ። መድረኩን በሦስት ጎን የሚከብ ከሆነ መሀሉን ያዙ። ዙሪያውን ከሆነ አትጨነቁ፤ ተዋናዩ ለሁሉም ጀርባውን መስጠቱ አይቀርም። ፊት ረድፍ ላይ አንገቱ ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ይታያል። ግን እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ። አንዴ እኔ ዘርግቼ ተቀምጬ፣ መብራት ጠፍቶ ትዕይንት ሲቀየር ተዋናዩ ተደናቀፈብኝ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ታሪኩን ትቼ ጉልበቱን ሳይ ነበር። ለጀማሪ ሦስተኛው ረድፍ ይሻላል።

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ወንበሩ ቁጥር ላይኖረው ይችላል፤ ቀድሞ የመጣ ይመርጣል። መግቢያው በመድረኩ በኩል የሆነበት ቤትም ስላለ፣ ያረፈደ ሰው ጭራሽ ላይገባ ይችላል። ሽንት ቤት ቀድማችሁ ግቡ። ስልኩን ድምፁን ብቻ ሳይሆን ጨርሳችሁ አጥፉት፤ ጨለማ ውስጥ ፊታችሁ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከመድረክ ይታያል። ከረሜላም ካላችሁ ወረቀቱን አስቀድማችሁ ላጡት።

እራት ከበፊቱ ይልቅ በኋላ ይሁን። በአንዳንድ ምሽቶች አዘጋጁና ተዋንያኑ ከተመልካች ጋር ይወያያሉ። ከተቻለ ያንን ቀን ምረጡ። ጥያቄያችሁን አጭር አድርጉት፤ ማይክ ይዞ ንግግር የሚያደርግ ሰው እንደሆነ አይጠፋም። ውይይት ባይኖርም ወዲያው አትውጡ። ቅድም ያስለቀሳችሁ ተዋናይ ቦርሳውን አንግቶ አጠገባችሁ ሊያልፍ ይችላል። «ጎበዝ ነበርክ» ማለት ይበቃል።