ከመንገድ ያነሳነው ውሻ ሲሞት እንዴት እናስታውሰው?

ውሻው ለሞተበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚባለው «ተወው፣ ሌላ ታመጣለህ» ነው። አትስሟቸው። ከቆሻሻ ገንዳ ሥር አንስታችሁ፣ ቁስሉን አጥባችሁ፣ ስም ያወጣችሁለት ፍጥረት ነው። ቢታዘንለት ይገባዋል። እኔ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። እኛ ቤት ያደጉት ውሾች ሁሉ ከመንገድ የመጡ ናቸው። መቻል፣ ቦቃና ቡሌ አሁን የሉም። እነሱን ስናስታውስ የጠቀመንን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀብሩ። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ብዙ ግቢ ውስጥም የጉድጓድ ውሃ አለ። ከውሃው ራቅ ብላችሁ፣ ቁልቁል በሚወርደው በኩል ቆፍሩ። አዌቱ ወንዝ ዳር አትውሰዱት፣ ጎርፍ ያወጣዋል። ጉድጓዱ አንድ ሜትር ያህል ይጥለቅ። ላስቲክ አያስፈልግም፤ አሮጌ አንሶላ ወይም ጋቢ ይበቃል። አፈሩን ከመለሳችሁ በኋላ ትልልቅ ድንጋይ ጫኑበት፤ አለበለዚያ ጅብ ያወጣዋል። ቦቃ የሞተው መርዝ በልቶ ነው። እንዲህ ሲሆን በደንብ አጥልቆ መቅበር ግድ ነው፤ ሥጋውን የበላ እንስሳም አብሮ ሊሞት ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ውሻው ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ሰው ከነከሰ በእጃችሁ አትንኩት። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የተነከሰ ሰው፣ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። መታሰቢያው ይደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከመንገድ የመጣ ውሻ ግማሽ ታሪኩ እናንተ ጋ የለም። ያን ግማሽ የያዙት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ሂዱና ጠይቋቸው። መቻል ሲሞት ሰፈሩን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ሥጋ ቤት የሚሠራው ልጅ «እኛ እኮ ሻምበል ነበር የምንለው» አለኝ። የማታ ዘበኛው በብርድ ሌሊት እግሩ ላይ ተኝቶ ያሞቀው እንደነበር ነገረኝ። እንዴት አንካሳ እንደሆነ የምታውቀው ደግሞ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ነበረች። ባጃጅ ገጭቶት፣ እሷ ናት ጎትታ ከመንገድ ያወጣችው። ይህን ሁሉ ዓመት ቡናዋን ስጠጣ አልነገረችኝም፤ ማንም ጠይቋት አያውቅማ።

የሰማችሁትን ጻፉት። ትንንሹ ነገር ቶሎ ይጠፋልና በመጀመሪያው ሳምንት ጻፉት። «ታማኝ ነበር» ብላችሁ አትለፉት፤ እሱ ብቻ ያደርገው የነበረውን ጻፉ። መቻል ከሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ የባለቤቴን ለይቶ፣ ገና ከአስፋልቱ ሳይታጠፍ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ቦቃ መጥረጊያ ሳነሳ እየተንቀጠቀጠ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን አጠገቡ ስጠርግ ጅራቱን ብቻ ሰብስቦ ይተኛ ጀመር። ቡሌ ቡና ሲቆላ ጭሱ እያስነጠሳት ከምድጃው አጠገብ ንቅንቅ አትልም። እንዲህ ያለውን ነው የምላችሁ።

ፎቶ ከሌላችሁ የልደትና የሠርግ ፎቶዎችን አገላብጡ፤ ከሰው እግር ሥር አንድ ቦታ አይጠፋም። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አሳጥባችሁ የምትሰቅሉት ከሆነ ከውጭ ግድግዳ ላይ አይሁን፤ የኛ ከተማ እርጥበት ሻጋታ ያመጣበታል። እኔ የአንገት ማሰሪያቸውን ጥቁር ጨርቅ ላይ ሰፍቼ፣ ስማቸውን በክር ጽፌ ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። የጅማ በርጩማ ከሚጠርቡት ባለሙያዎች አንዱ ጋ ሄዳችሁ ስሙን እንጨት ላይ ማስቀረጽም ትችላላችሁ። ግን ቤት ውስጥ አኑሩት፣ ውጭ ምስጥ ይበላዋል። የቡና ችግኝ መትከል ለምትፈልጉ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከመቃብሩ ጎን ትከሉት፤ አናቱ ላይ ከሆነ አፈሩ ሲሰጥም አብሮ ይዘማል።

ለልጆች «ሞተ» በሏቸው። «ሄደ» ከተባሉ በር በሩን ሲያዩ ይከርማሉ።

ሰልስትና አርባ የሰው ነው፤ ለውሻ ማድረጉ ጎረቤትን ያስቀይማል፣ እኔም አልወደውም። ቡና አፍልታችሁ የሚያውቁትን ጥሩ፣ ይበቃል። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚኖረው፤ ውሻ ቤቱ የማያስገባ ሰው ውሻ ይጠላል ማለት አይደለም። ጎረቤታችን ሐጂ ለቡሌ በራቸው ላይ ውሃ ያስቀምጡላት ነበር። ስትሞት መጥተው፣ የተጠማ ውሻ በማጠጣቱ ኃጢአቱ የተማረለትን ሰው ታሪክ ነገሩን። ልጆቼ እስከዛሬ ያነሱታል።

በየዓመቱ አንድ ቀን ለመያዝ ካሰባችሁ ሴፕቴምበር 28 ጥሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ነው። የእብድ ውሻን ክትባት የሠራው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ያረፈበት ቀን ስለሆነ፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በሟቹ ስም አንድ የሰፈር ውሻ አስከትቡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራልና ከተማችን ባለሙያ አታጣም።

ሌላ ውሻ ማሳደግ ስትፈልጉ የሟቹን ስም አትስጡት፤ የራሱን አውጡለት። ሟቹ የሞተው በፓርቮ፣ ማለትም ውሻን በተለይም ቡችላን በተቅማጥና በትውከት በሚገድለው የቫይረስ በሽታ ከሆነ ደግሞ አትቸኩሉ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። የበላበትን ሳህን በሳሙና ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ በረኪና ያስፈልገዋል። ቡችላውም ክትባቱን ሳይጨርስ ወደዚያ ግቢ አይግባ።