አርክ የበላውን የኤስኤፍ6 ብሬከር ድሬ ላይ ስትከፍቱ

ኤስኤፍ6 (ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ) በከፍተኛ ቮልቴጅ ብሬከር፣ ማለትም በመስመር ማቋረጫው ውስጥ፣ አርክን (የኤሌክትሪክ ብልጭታን) የሚያጠፋ ጋዝ ነው፤ ንጹሑ መርዝ አይደለም። መርዙ የሚመጣው ብሬከሩ ውስጥ አርክ ሲያቃጥለውና እርጥበት ሲያገኘው ነው፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጡታል። ከመዳብና ከአሉሚኒየም ጋር ሲዋሃድ ደግሞ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ፣ ነጣ ወይም ግራጫ ያለ ብናኝ ይተዋል። ድሬ ላይ የሚያሰጋው ይሄ ብናኝ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ቱታ ይከፈታል፣ እጅጌ ይሰበሰባል፤ ብናኙ ላብ ባገኘበት ቦታ አሲድ ይሆናል። ጓንትና እጅጌ የሚገናኙበትን የእጅ አንጓ በፕላስተር እሰሩት።

ሥራውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሩ። ዝናብ ካዘለ ቀኑን ለውጡ።

መስመሩ ተቋርጦ፣ ተቆልፎ፣ ግራውንድ ተደርጎ፣ ብሬከሩን የሚያንቀሳቅሰው ስፕሪንግም መላቀቁ ከታየ በኋላ ጋዙን በመሰብሰቢያ ማሽን እስከ 20 ሚሊባር ሳቡት። ወደ አየር መልቀቅ የለም፤ 1 ኪሎው ከ23 ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ያሞቃል። ከዚያ ደረቅ ናይትሮጅን እስከ ከባቢ አየር ግፊት ሙሉና መልሳችሁ ሳቡት፤ ዳግም ሞልታችሁ ክፈቱ። ክዳኑ እንደተነሳ ሁሉም ሰው ወደ ነፋሱ መነሻ አቅጣጫ ይራቅ፤ 1 ሰዓት ጠብቁ። ጋዙ ከአየር 5 እጥፍ ስለሚከብድ የኬብል ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ ኦክስጅን ሳትለኩ አትግቡ።

ማስኩ ሙሉ ፊት የሚሸፍን፣ ካርትሪጁም ለአሲድ ጋዝና ለብናኝ የሚሆን ይሁን። ጺም ካለ አይገጥምም፤ ተላጩ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ ማስኩ አልያዘም ወይም ካርትሪጁ አልቋል ማለት ነው፤ ውጡ። ሽታ አለመኖሩ ግን ማስረጃ አይደለም፤ በመለኪያ አረጋግጡ።

ብናኙን ሄፓ ፊልተር (ረቂቅ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ) ባለው ቫኪዩም ምጠጡ። መጥረጊያና ኮምፕሬሰር ብናኙን ፊታችሁ ላይ ይበትኑታል። የእርጥበት መጣጩን ጥራጥሬ መልሳችሁ አትጠቀሙበት፤ መርዙን የሰበሰበው እሱ ነው። ቱታ፣ ጨርቅና ፊልተር በድርብ ከረጢት ይታሰሩ። ብናኙ በ100 ሊትር ውሃ 10 ኪሎ ሶዲየም ካርቦኔት በተበጠበጠበት በርሜል 2 ቀን ይቆይ። ውሃው ፍሎራይድ ስላለው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አይደፋም፤ ለአደገኛ ቆሻሻ አስወጋጅ ይሰጣል።

እጅና ፊት ሳይታጠቡ ውሃ፣ ሲጋራ፣ ጫት የለም።

ብናኙ ቆዳ ከነካ በብዙ ውሃ እጠቡ፤ 2.5 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ቀቡና ሐኪም ቤት ውሰዱ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ «ደህና ነኝ» ያለውንም ይዛችሁ ሂዱ። ጄሉ በየፋርማሲው ስለማይገኝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በእጃችሁ ይሁን።