ፕሮሰሰር መቀየር ጌማችሁን ያፈጥነዋል? ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደምታረጋግጡ

ጌም ላግ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፕሮሰሰሩ ነው። አንዳንዴ እውነትም ጥፋቱ የእሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማነቆው ሌላ ቦታ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ይወጣና ጌሙ እንደነበረው ይቀጥላል። ደግነቱ ምንም ሳትገዙ፣ ባላችሁ ኮምፒውተር በአንድ ምሽት ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዱ ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ለሚታየው ለእያንዳንዱ ነጠላ ምስል) ጠላት የት እንደሄደ፣ ጥይቱ ምን እንደመታ፣ ምን ምን መሳል እንዳለበት ያሰላል። ግራፊክስ ካርዱ ያንን ይስላል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 140 ፍሬም ማዘጋጀት ቢችልና ካርዱ 70 ብቻ ቢስል፣ የምታዩት 70 ነው። 200 የሚያዘጋጅ ፕሮሰሰር ብትገዙም ያው 70 ነው።

መጀመሪያ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን የመለኪያ ፕሮግራም ጫኑ። ነፃ ነው፣ ካርዳችሁ የሌላ ድርጅት ቢሆንም ይሠራል። አብሮት በሚመጣው ሪቫቱነር አማካኝነት የካርዱን አጠቃቀም፣ የእያንዳንዱን ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል) አጠቃቀም፣ ሙቀቱንና የፍሬም ብዛቱን ጌሙ ላይ አሳዩ። ቀጥሎ ቪሲንክን (የፍሬም ብዛቱን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስረውን ሴቲንግ) እና ማንኛውንም የፍሬም ገደብ አጥፉ። ይቺን እንዳትዘሏት። 60 ላይ የታሰረ ጌም ካርዱን በግማሽ ብቻ ሊያሠራው ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ያለጥፋቱ ፕሮሰሰሩን ትወቅሳላችሁ።

ከዚያ ጌሙ በጣም የሚከብድበት ቦታ ሂዱ። ሕዝብ የበዛበት ከተማ ወይም ትልቅ ውጊያ ጥሩ ነው። ሜኑ ላይ ቆሞ መለካት ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ከሆነ ማነቆው ካርዱ ነው፣ ፕሮሰሰሩን ተዉት። 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ከቀረ ግን ፕሮሰሰሩን መጠርጠር ትችላላችሁ። ይሄኔ ሰው ጠቅላላውን የፕሮሰሰር አጠቃቀም ያይና «40 በመቶ ብቻ ነው፣ ገና አቅም አለው» ይላል። ያ ቁጥር አሳሳች ነው። 8 ኮርና 16 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ያለው ፕሮሰሰር ላይ አንዷ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ብትጠመድ እንኳ ከጠቅላላው ላይ የምትታየው እንደ 6 በመቶ ያህል ነው። የብዙ ጌሞች ዋና ሥራ ደግሞ በጥቂት ትሬዶች ላይ ይከማቻል፣ የእነሱ አቅም ሲያልቅ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ዊንዶውስም ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውር 100 ላይ የቆመ ኮር ላታዩ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ይልቅ የካርዱን ቁጥር እመኑ።

እሱም ካላሳመናችሁ፣ እኔ ከሁሉ የማምነው ፈተና ይኸውላችሁ። ሌላውን ሴቲንግ ሳትነኩ ሪዞሉሽኑን ብቻ ከ1080 ወደ 720 አውርዱና ያንኑ ቦታ ድገሙት። 62 የነበረው 64 ከሆነ፣ የካርዱ ሥራ ቀልሎለትም ፍጥነቱ አልጨመረምና ማነቆው ከፕሮሰሰሩ በኩል ነው። 62 የነበረው 110 ከሆነ ግን ካርዱ ነበር የያዛችሁ፣ አሁን ያላችሁ ፕሮሰሰርም ቢያንስ 110 ማዘጋጀት እንደሚችል አወቃችሁ። የሁለቱን ዕቃ ስም አስገብታችሁ በመቶኛ ውጤት የሚሰጧችሁን የማነቆ ማስያ ድረ ገጾች ተዉአቸው። የትኛውን ጌም፣ በምን ሴቲንግ እንደምትጫወቱ ሳያውቁ የሚሰጡት ቁጥር አይረባም።

ፈተናው ወደ ፕሮሰሰሩ ቢጠቁምም ገና አትግዙ። ራማችሁ አንድ ስቲክ (አንድ ነጠላ የራም ቁራጭ) ብቻ ከሆነ ሁለተኛ መጨመር ለውጥ ያመጣል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ካልበራ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ ማብራቱ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። ሙቀቱ 95 ዲግሪና ከዚያ በላይ እየወጣ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን የሚቀንስ ከሆነ አቧራውን አጽዱ፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ቀይሩ። አማካይ ፍሬሙ ጥሩ ሆኖ ጌሙ ቆም ቆም የሚል ከሆነም የካርዱ ሜሞሪ መሙላቱን እዩ።

ሞኒተራችሁ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ) ሆኖ ጌሙ ሳይወርድ 60 የሚሰጣችሁ ከሆነ ፕሮሰሰር ቀይራችሁ የምታዩት ልዩነት ትንሽ ነው። በሌላ በኩል በ144 ኸርዝ የፉክክር ጌም ወይም ትልልቅ የስትራቴጂና የሲሙሌሽን ጌሞች የምትጫወቱ ከሆነ ፕሮሰሰር ላይ የሚወጣ ገንዘብ በደንብ ይታያል።

ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ዴስክቶፕ ከሆነ ሶኬቱን፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚገባበትን ቦታ፣ ዓይነት እዩ። ኤኤም4 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ሶኬት) ማዘርቦርድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙዎቹ ባዮሳቸው ሲታደስ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ይቀበላሉ። 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ስላለው ለጌም እስካሁን ጠንካራ ነው። ባዮሱን ግን አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነሳ አድሱት፣ አለበለዚያ አዲሱ ላይነሳላችሁ ይችላል። ወደ አዲሱ ሶኬት ወደ ኤኤም5 መሄድ ማለት ከፕሮሰሰሩ ጋር ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም መግዛት ማለት ነው። ሒሳቡን ስትሠሩ የሦስቱንም ዋጋ ደምሩና በዚያው ገንዘብ ምን ዓይነት ካርድ እንደሚገኝ አወዳድሩ።