ሰው ሲታሰርብን የምንሠራቸው ስህተቶች፦ የትኛው ችሎት ምን ይወስናል?

አራዳና ልደታ ባሉት ፍርድ ቤቶች ግቢ ጠዋት ጠዋት የሚንከራተት ቤተሰብ አይጠፋም። ስንቅ ያንጠለጠለች እናት፣ ከሥራ አስፈቅዶ የመጣ ወንድም፣ ምስክር ይዞ የሚሮጥ ጎረቤት። ብዙዎቹ የሚደክሙት ጉዳያቸው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው። ለታሰረ ሰው ደግሞ አንድ የባከነ ቀጠሮ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የሚያጋጥመው ስህተት «ፌዴራል» የሚለውን ስም ሰምቶ መደንገጥ ነው። «ልጄ ምን ቢያደርግ ነው ፌዴራል ፍርድ ቤት የቀረበው?» ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ስርቆትም፣ ድብደባም፣ ማታለልም የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ሞባይል ሰረቀ የተባለ ልጅም እዚያው ይቀርባል። ይኸው ስርቆት ደብረ ብርሃን ቢፈጸም ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች በወንጀል በኩል ያላቸው ሥልጣን ጠባብ ነው፤ በዋናነት የደንብ መተላለፍ ነው የሚያዩት። የሸሪዓና የማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ወንጀል አያዩም።

ፌዴራሉ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የሚመራ ሲሆን ሦስት እርከን አለው፦ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ከበድ ያሉት ክሶች በቀጥታ ከፍተኛው ላይ ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ደረጃው ብዙ ምድብ ችሎቶች ስላሉት ቀጠሮው የት ምድብ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ታክሲ መያዝ አያዋጣም። የመዝገብ ቁጥሩንም ጻፉት። የፖሊስ ምርመራ ቁጥርና የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር ይለያያሉ።

ብዙ ሰው የሚጎዳበት ግን ጊዜ ቀጠሮን፣ ማለትም ክስ ሳይመሠረት ፖሊስ የምርመራ ጊዜ የሚጠይቅበትን ችሎት፣ ከክርክር ጋር መቀላቀሉ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ያን ቀን ዳኛው «ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?» ብለው አይወስኑም። የሚወስኑት ሁለት ነገር ነው፦ ለፖሊስ የምርመራ ጊዜ ይሰጥ ወይ? ሰውየው በዋስ ይውጣ ወይ? ቤተሰብ ግን ምስክር ደርድሮ ይመጣል። ተጠርጣሪውም «እኔ የለሁበትም» ብሎ ይጮኻል። ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ገደብ አላስቀመጠም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ «ባለፈው በተሰጠው ጊዜ ፖሊስ ምን ሠራ? የቀረው ሥራ ምንድን ነው? እሱስ ተጠርጣሪው ካልታሰረ የማይሠራ ነው?» ይህን በትህትና ግን ሳይፈሩ መጠየቅ መብት ነው። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች እረፍት ሲወጡም ተረኛ ችሎት ስላለ «ተዘግቷል» ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም።

ለዋስትናም በባዶ እጅ አትሂዱ። ዋስትና የሚከለከለው ሰውየው ሊጠፋ፣ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ወይም ምስክር ሊያባብልና ማስረጃ ሊያበላሽ ይችላል ተብሎ ሲታመን ነው። እነዚህን ስጋቶች የሚያፈርስ ወረቀት ያዙ፦ ቋሚ አድራሻ የሚያሳይ መታወቂያ፣ ከመሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሚያስተዳድራቸው ልጆች ካሉ ማስረጃቸውን። ፍርድ ቤቱ ከከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይህን መብት የሚጠቀምበት ሰው በጣም ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። እንደ ከባድ ግድያ ባሉ ክሶች ግን ሕጉ ራሱ ዋስትናን ያጠብባል፤ የራሳቸው ልዩ ሕግ ያላቸው ወንጀሎችም አሉ።

ሌላው «ፖሊስ ከሰሰው» የሚለው ነው። ፖሊስ ይመረምራል፤ ክስ የሚመሠርተው ዓቃቤ ሕግ ነው። በዚህም ምክንያት ሽማግሌ አስታርቆ ተጎጂው «ክሴን ትቻለሁ» ቢል መዝገቡ ይዘጋል ማለት አይደለም። በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱት ወንጀሎች የእሱ ቃል ይወስናል፤ በሌሎቹ ክሱ የመንግሥት ነው። ዕርቁ በከንቱ አይቀርም፤ ቅጣት ሲወሰን ሊታይ ይችላል። ግን ሽምግልና ተይዟል ብሎ ከቀጠሮ መቅረት ከባድ ስህተት ነው። ተበዳይ የሆናችሁ ደግሞ አስታውሱ፦ በአቤቱታ ብቻ ለሚያስከስሰው ወንጀል ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ያላችሁ 3 ወር ነው።

ገንዘብ የለኝም ብሎ ያለ ጠበቃ መቆምም አለ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፤ አቅም ለሌለው ተከሳሽ በነፃ ይቆማል። ለችሎቱ «አቅም የለኝም፣ ጠበቃ ይመደብልኝ» ማለት ነው። በር ላይ «ዳኛውን አውቃቸዋለሁ፣ ጉዳዩን እጨርስልሃለሁ» ለሚል ሰው አንድ ብር አትስጡ።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ቀን ይቆጠራል። በወንጀል ይግባኝ ማለታችሁን በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኙን ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል። ግልባጩን ዕለቱኑ ጠይቁ። ሰበርን ግን እንደ ሌላ ይግባኝ አትዩት። ስድስት ኪሎ ባለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚገኘው ሰበር ሰሚ ችሎት ምስክር ዋሽቷል የሚል ክርክር አይሰማም። የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ነው። ማመልከቻው መጀመሪያ በሦስት ዳኞች ይጣራል። «ያስቀርባል» ከተባለ ቢያንስ አምስት ዳኞች ይሰሙታል፤ «አያስቀርብም» ከተባለ መዝገቡ እዚያው ይዘጋል።