«ከመነሻው ላይ ስንት ልጨምር?» በሐራጅ ቤት ዋጋ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባንክ በዕዳ የያዘውን ኮንዶሚኒየም በሐራጅ እንደሚሸጥ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ከደሴም ከኮምቦልቻም ይደወልልኛል። ሥራዬ የቤት ግምት ስለሆነ መጠየቁን አልጠላውም። የሚያስመርረኝ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ነው፦ «ከመነሻው ላይ ስንት ልጨምር?»

ትልቁ ስህተት ይኸው ጥያቄ ነው። መነሻ ዋጋ የቤቱ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ባንኩ ብድሩን ለማስመለስ ጨረታውን የሚከፍትበት ቁጥር ነው። የባንክ ግምት በአብዛኛው የግንባታ ወጪን መሠረት ያደርጋል። ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ግምቱም ይወጣል፤ የዚያ ሰፈር ገዥ ግን ያንን ገንዘብ ላይከፍል ይችላል። አንዳንዱ መነሻ ደግሞ ከገበያው እጅግ ያነሰ ይሆንና አዳራሹ ይሞላል፣ ፉክክሩም ዋጋውን ከገበያው በላይ ይወስደዋል። ከሳዑዲ የተመለሰች አንዲት እኅት ለዓመታት ያጠራቀመችውን ይዛ የገባችው እንዲህ ዓይነት ጨረታ ላይ ነበር። አሸነፈች። በዚያው ብሎክ፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ተመሳሳይ ቤት በግል ስምምነት የተሸጠው ግን እርሷ ከከፈለችው ባነሰ ነበር። «ጎረቤቶቹን ጠይቀሽ ነበር ወይ?» ስላት «ጋሼ፣ መነሻው ዝቅ ያለ ስለነበር ርካሽ መሰለኝ» አለችኝ። የሰው ላብ እንዲህ ሲባክን ማየት ያማል።

መነሻውን እርሱትና ከሌላው ጫፍ ጀምሩ። በዚያው ብሎክ ወይም በአጠገቡ ተመሳሳይ ቤት በቅርቡ በስንት ተሸጠ? ደላላው የሚጠራውን ሳይሆን ገዥው በእርግጥ የከፈለውን ፈልጉ። ለምሳሌ 3,000,000 ብር ነው እንበል። ለእድሳት 250,000፣ ለስም ማዛወሪያና ለውዝፍ ክፍያዎች 130,000፣ ቤቱ ሳይለቀቅ ለሚያልፉት ወራት 60,000 ቀንሱ። ከዚያ ለማይታወቀው ነገር 300,000 ቀንሱ፤ የሐራጅ ቤት ከነችግሩ ስለሚገዛ ይህ ቅናሽ የግድ ነው። የሚቀረው 2,260,000 ብር ጣሪያችሁ ነው። ቁጥሩን ጻፉትና ይዛችሁ ግቡ። አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው በእልህ ሲጨምር ጣሪያውን የሚያነሳ ሰው ቤት ውስጥ ያሰበውን ሁሉ በከንቱ አሰበ ማለት ነው።

ውዝፍ ያልኩትን በቀላሉ አትለፉት። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ክስ ሳይመሠርቱ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ፍርድ ቤት ስለማይገባበት ማጣራቱ የሚወድቀው በገዥው ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፋይሉን አስወጡ። ሌላ ዕግድ አለበት? የቀረ የሊዝ ክፍያ አለ? የውሃና የመብራት ዕዳስ? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለጋራ መጠቀሚያው ያልተከፈለ መዋጮ አለ? ማስታወቂያዎቹ ስም ለማዛወር የሚወጣውን ወጪ ብዙ ጊዜ በገዥው ላይ ይጥሉታል፤ 2 በመቶው የቴምብር ቀረጥ ብቻውን በምሳሌያችን ቤት ላይ ከ45,000 ብር ያልፋል።

ቤቱን ሳያዩ ዋጋ መስጠትን ማስጠንቀቅ ያለብኝ አይመስለኝም ነበር፤ ግን ይደረጋል። ደሴ ከጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን የድጋፍ ግንብ እዩ፤ ተሰንጥቆ ወይም ሆዱን ነፍቶ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። ከቻላችሁ በክረምት እዩት፤ እርጥበት የያዘ ግድግዳ በበጋ በቀለም ይሸፈናል። ላይኛው ፎቅ ላይ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚደርስና ሮቶ እንዳለ ጎረቤት ይነግራችኋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ደላሎች አሁንም የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የነበረውን የኪራይ ተስፋ ይሸጣሉ። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋን መትቷል፣ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የነበረው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድልም ተቋርጧል። ዋጋችሁን ዛሬ ተከራዩ በሚከፍለው ኪራይ ላይ መሥርቱ።

የገንዘቡ ጊዜ። በአብዛኛው የመነሻ ዋጋው ሩብ በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ይያዛል፣ ያሸነፈ ሰው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ካልተከፈለ የተያዘው ገንዘብ ይቀራል። በ2,260,000 ብር ላሸነፈ ሰው ቀሪው ቢያንስ 1,695,000 ነው። «አብሽር፣ ዘመድ ይሞላልኛል» ብሎ የሚገባ ወጣት ስንቱን አየሁ። ወለድ ስለማይፈልጉ ከወለድ ነፃ ፋይናንስ የሚሹ ወገኖች ደግሞ ማመልከቻውን ከጨረታው በፊት ያስገቡ፤ 15 ቀን ለባንክ ሂደት አይበቃም።

ሁለተኛውን ጨረታ እጠብቃለሁ የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ያዋጣል። በሁለተኛውም ገዥ ካልቀረበ ግን ባንኩ ራሱ በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ ሊረከበው እንደሚችል እወቁ።

አንድ ነገር ግን በልቤ ይከብደኛል። ተጫራቾች ከአዳራሹ ውጭ ተስማምተው፣ አንዱ ለሌላው ገንዘብ ሰጥቶ ዝም ሲያሰኘው አይቻለሁ፤ «ጮሌነት» ይሉታል። ከዕዳው የተረፈው ገንዘብ ለባለዕዳው እንደሚመለስ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ያ ቤተሰብ ሱቁ በጦርነቱ ተዘርፎበት ብድሩን መክፈል ያቃተው ሊሆን ይችላል። በድብቅ ስምምነት የሚጨቆነው ዋጋ የዚያ ቤተሰብ የመጨረሻ ጥሪት ነው። በራሳችሁ ስሌት ዝቅ ያለ ዋጋ መስጠት መብታችሁ ነው፤ ተመሳጥሮ ዋጋ ማፈን ግን ዝርፊያ ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል፣ ሽያጩንም ለክርክር ይከፍታል።

ቤቱን ለማየት ስትሄዱም በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ቀን፣ ከባንኩ ሠራተኛ ጋር ሂዱ። ሰዎቹ አሁንም ውስጥ ከሆኑ ሰላምታ ሰጥታችሁ ግቡ፣ በፊታቸው ዋጋ አትነጋገሩ። መቼ እንደሚለቁ፣ ካልለቀቁስ ርክክቡን ማን እንደሚያስፈጽም ባንኩን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ከጣሪያችሁ ላይ ሌላ የስድስት ወር ኪራይ ቀንሱ።