የአገር ምግብን አዲስ አድርጎ መሥራት፦ ለጎንደር ማድ ቤት የሚሆን መመሪያ

ጎንደር ላይ በአንድ ጣሪያ ሥር እንኳ ስለ ምግብ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይደመጣል። እናቶች «ባህሉን አታበላሹት» ይላሉ፤ ልጆች ደግሞ ሽሮና ምስር ስለሰለቻቸው በስልካቸው ያዩትን ሁሉ መሞከር ይፈልጋሉ። እኔ የማምነው ሁለቱም ሳይጣሉ አንድ ማድ ቤት ሊያበስሉ እንደሚችሉ ነው፤ ምክንያቱም የአገራችን ምግብ ዱሮውንም ሲለዋወጥ የኖረ ነው። የወጣችን መለያ የሆነው በርበሬ የተገኘው ከአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ ወደ እኛ የደረሰው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው። ደባርቅና ዳባት አካባቢ በብዛት የሚመረተው ድንችም አመጣጡ ከዚያው ነው። ፓስታን ከጣሊያኖች ለመድነው፤ ዛሬ ግን በበርበሬ ስጎ ተሠርቶ በእንጀራ ሲቀርብ እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው አይገኝም።

ስለዚህ መነሻው መለወጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ሳይሆን፣ ከሚለወጠው ነገር ውስጥ የትኛው ምን ሥራ እንደሚሠራ ለይቶ ማወቅ ነው። ለሙከራ የሚመርጡት ምግብ በተለመደው መንገድ ዓይንዎን ጨፍነው ሊሠሩት የሚችሉት ይሁን። ለምሳሌ ቁሌትን ይውሰዱ። ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት በዝግታ ሲቁላላ ውሃው ይተናል፤ ጣፋጭነቱ እየጎላ ይመጣል፤ ሟሙቶም ለወጡ ውፍረት ይሰጣል። ወጣችን ዱቄት ሳይጨመርበት የሚወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው። በችኮላ ቁሌቱን ያሳጠረ ሰው የፈለገውን ውድ ቅመም ቢጨምር ወጡ ይቀጥናል፤ የጥሬ ሽንኩርት ጠረኑም አይለቀውም። እንጀራም እንዲሁ ነው። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ከሊጡ ተቀንሶ የሚበስለው አብሲት ተመልሶ ሲቀላቀል የሊጡን አያያዝና የዓይኑን አወጣጥ ያግዛል። ጤፉን ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መሞከር መልካም ነው፤ አብሲቱን መተው ግን አይመከርም።

ሁለተኛው ጉዳይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። እህሉንም፣ ቅመሙንም፣ አበሳሰሉንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው ምግቡ ቢበላሽም ሆነ ቢጣፍጥ ምክንያቱን አያውቀውም። ይህን በሽሮ ማሳየት ይቻላል፤ ሽሮ ርካሽ፣ የጾም፣ በየቤቱም የሚገኝ በመሆኑ ለሙከራ ከእርሱ የተሻለ አላውቅም።

ያደረ ሽሮ ድስቱ ውስጥ ረግቶ በቢላ እስኪቆረጥ ድረስ እንደሚጠነክር ሁሉም ያውቃል። ይህንኑ ጠባዩን ሆን ብለን እንጠቀምበት። እህሉም ቅመሙም የለመድነው ሆኖ፣ የሚለወጠው ቅርጹና የመጨረሻው አበሳሰል ብቻ ይሆናል። አንድ አነስተኛ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው በጥቂት ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ያቁላሉ። አንድ ኩባያ የሽምብራ ሽሮ በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ያዘጋጁ፤ ዱቄቱ በቀጥታ ከፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። በቁሌቱ ላይ ሌላ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሰው ሲፈላ የተበጠበጠውን ይጨምሩና በመለስተኛ እሳት፣ እጅዎን ሳያሳርፉ፣ 20 ደቂቃ ያህል ያማስሉ። ምጥን ሽሮ አንዳንዴ ጨው አብሮት ስለሚፈጭ ሳይቀምሱ ጨው አይጨምሩ። ሽሮው ከድስቱ ግድግዳ እየተላቀቀ ማማሰያውን መከተል ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚህ በፊት ካወጡት ሲጠበስ ይፈራርሳል። ዘይት በተቀባ ዝርግ ሳህን ላይ አንድ ጣት ያህል ውፍረት እንዲኖረው አድርገው ይዘርጉት፤ ሲበርድ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት።

በማግስቱ በአራት ማዕዘን ቆራርጠው በጋለ መጥበሻ ላይ በጥቂት ዘይት ይጥበሱ። ሥሩ ቅርፊት ሳያበጅ ለማገላበጥ መቸኮል አያስፈልግም፤ ቅርፊቱ ሲደርቅ ራሱ ይለቃል። የተቆላ ሰሊጥ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከጥቂት ውሃ ጋር ፈጭተው ማጥቀሻ ያድርጉለት፤ ከጎኑም አዋዜ ያኑሩ። ውጪው ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ እንደ ቅቤ ለስልሶ ይቀራል። ከፈራረሰብዎ በሚቀጥለው ጊዜ ውሃውን ይቀንሱ እንጂ የስንዴ ዱቄት አይጨምሩበት፤ የሽምብራውን ጣዕም ይሸፍነዋል። ይህ ከተሳካ በኋላ ብቻ ሌላ ነገር ይለውጡ፤ ለምሳሌ የሰሊጡን ቦታ ለኑግ ይስጡ።

የውጭ ምግብ አሠራር ለሚከተል ሰው አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «ባቄላውን ለአንድ ሰዓት ቀቅሉ» ተብሎ በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ እዚህ ጊዜው ይረዝማል፤ ጥራጥሬውን አስቀድሞ መዘፍዘፍም ግድ ነው። በኬክና በዳቦ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ሊጡ ቶሎ ተነሥቶ ይወድቃልና ቤኪንግ ፓውደሩን ትንሽ ቀነስ ያድርጉ።

ግብዓትን በተመለከተ፣ ከሱፐር ማርኬት በፊት ቅዳሜ ገበያን ይጎብኙ። በ2004 እ.ኤ.አ. የሰሜን አውሮፓ ምግብ አብሳዮች ኮፐንሃገን ላይ ያወጡት መግለጫ ይህንኑ የሚል ነበር፤ የአገራቸውን ወቅትና ምድር የሚያንጸባርቅ ምግብ እንሥራ አሉ፤ ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ያየው የነበረው የዚያ አካባቢ ምግብም በዓለም ላይ ተፈላጊ ሆነ። የእኛው ገበያ ከዚያ አያንስም፤ የደንቢያ ሽምብራ፣ የመተማ ሰሊጥ፣ የጣና ዓሣ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ እጃችን ላይ ናቸው።

አቀራረቡም የአሠራሩን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲሱን ምግብ በተለመደው ፋንታ ሳይሆን ከተለመደው ጎን ያቅርቡት፤ አባትዎ ሽሯቸውን በእንጀራ እየበሉ ከጥብሱ ቢቀምሱ የተቀማ ነገር የለም። የልቅሶ ቤትና የማኅበር ድግስ የሙከራ ቦታ አይደሉም። የጾም ይሁን የፍስክ አስቀድመው ይናገሩ፤ በተለይ ዓሣ በጾም መብላት ላይ የየቤቱ አቋም ስለሚለያይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስሙንም በታማኝነት ይጥሩት፤ ዶሮ የሌለውን ዶሮ ወጥ ማለት ሽማግሌዎችን በከንቱ ያስቀይማል።

ከበሉ በኋላ «ጣፈጠ?» ብለው አይጠይቁ፤ የእኛ ሰው ለባለቤቱ አክብሮት ሲል «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። «ምን ጎደለው፣ እማዬ?» ቢሏቸው ግን ይናገራሉ። «ጥሬ ጥሬ ይላል» ካሉ ቁሌቱን ወይም የሽሮውን ማማሰያ ጊዜ ያርዝሙ፤ «አፍ ላይ ይደርቃል» ካሉ ማጥቀሻውን ያቅጥኑ፤ «ቅመሙ አልታወቀኝም» ካሉ ደግሞ መከለሻውን ከእሳት ከማውረድዎ ጥቂት ቀደም ብለው ይጨምሩ። መልሱን ከልኬቱ ጋር በደብተር ላይ ያስፍሩት፤ በግምት የተሠራ ምግብ ለሁለተኛ ጊዜ እንደዚያው ሆኖ አይወጣምና።